የአራት ዓይናው ሞተር

ሰውየው ሻዩን የቀዳው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ብርጭቆው ከማንቆርቆሪያው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ብሎ ደረቁን ቁጭ ብሏል፤ ሻዩ ግን በላስቲኩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተንጣልሎ፣ የዳቦውን ፌስታል ዞሮ፣ ከጫፉ ወደ ወለሉ መንጠባጠብ ጀመረ። መቅዳቱን ያቆመው ጠብታውን ሲሰማ ነው። ሚስቱ "ኧረ ሻዩ!" ብላ ሳትጨርስ ታላቅ እህቱ ከወንበሯ ተነስታ፣ ጨርቅ አምጥታ፣ ጠረጴዛውን ጠርጋ፣ ብርጭቆውን ሞልታ እጁ ላይ አስያዘችው። አልደነገጠችም፣ አልሳቀችም፣ "ምን ሆነህ ነው?" አላለችም። ሚስትየውን ከፈሰሰው ሻይ ይልቅ የከነከናት ይሄ ነበር። ሰው ሻይ ጠረጴዛ ላይ ሲቀዳ አይቶ የማይደነግጥ፣ ነገሩን ከዚያ በፊት ያየ ብቻ ነው።

"አይታይህም እንዴ?" አለችው ሚስቱ።

"እንቅልፉ አለቀቀኝም" አለና ሳቀ። "ደግሞ ለጠረጴዛውም ሻይ ይገባዋል፤ ስንት ጊዜ ተሸከመን።"

እህቱ ዳቦዋን እያላመጠች መስኮት መስኮቱን አየች።

የሚኖሩት በሰው አገር፣ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏን በተዘረጋ ሲባጎ ላይ በተሰቀለ አንሶላ መሀል ለመሀል ከፍለዋታል፤ ከአንሶላው ወዲህ ባልና ሚስት፣ ወዲያ እህትየው። አንሶላው ሚስትየው ከምትሠራበት ሆቴል፣ ጫፉ በካውያ ተቃጥሎ የተጣለ ነው። እሷ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላና የትራስ ልብስ ስትተኩስ ነው የምትውለው፤ ባሏም በዚህ የተነሳ "ተኳሿ" የሚል ስም አውጥቶላት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ተኳሽ ያገባ ሰው በምን ወኔው ይዋሻል?" እያለ ያስቅባታል። እሱ በትንሿ ሞተሩ ከየምግብ ቤቱ ምግብ እየተቀበለ በየሰው ደጅ ያደርሳል። እትዬን፣ ማለት እህቱን፣ ጠዋት ጠዋት ከኋላው አፈናጦ ወደምታጸዳው ቢሮ ይወስዳታል፤ ማታም አብረው ይመለሳሉ። ይሄ ማፈናጠጥ ተኳሿን ሲያበግናት ከርሟል። አውቶቡስ በራቸው ላይ ይቆማል። ጤነኛ፣ የደረሰች ሴት እንደ ሙሽራ በየቀኑ በሞተር ካልተወሰድኩ የምትለው ምን ሆና ነው? ይህን ግን በአፏ አውጥታ ተናግራ አታውቅም። ባል ይመረጣል፤ የባል እህት ከነባሉ የምትመጣ ዕቃ ናት፤ ችሎ መኖር ነው። እትዬን "ደህና ዋሉ"፣ "ደህና እደሩ" ትላታለች፤ እትዬም "እግዜር ይመስገን" ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ከታች የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ ነው።

ዕለቱ የተኳሿ የዕረፍት ቀን ነበር። ሁለቱ ሲወጡ ብርጭቆዎቹን ሳታነሳ ወደ መስኮቱ ሄደች። እትዬ ቀድማ ወርዳ ሞተሯን ከግንቡ ሥር አወጣችለት፤ እሱ ተቀመጠ፤ እሷም ከኋላው ተፈናጣ ሁለት እጆቿን ትከሻዎቹ ላይ አሳረፈች። ተኳሿ እንዲህ ሲሄዱ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። የዛሬው ግን ሌላ ሆነባት። የሰሞኑ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት፦ የበሩ መቃን ትከሻውን በየጊዜው የሚመታው፣ መሀል ወለል ላይ ያለ ጫማ እየረገጠ የሚያልፈው፣ ከጎኑ ቆማ ስትጠራው አንገቱን እንደ ዶሮ አዙሮ አዙሮ የሚፈልጋት። "ደክሞኝ ነው" ሲላት አምናዋለች። የደከመ ሰው ግን ብርጭቆ አይስትም።

ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመለሰ፤ ብቻውን፣ ሞተሯን እየገፋ። ደረጃውን ሲወጣ በመዳፉ ግድግዳውን ሲያሻሽ ከውስጥ ሆና ሰማችው። በሩን ስትከፍትለት የቀኝ እጁ ተልጦ ደም አዝሎ ነበር፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

"ምን ሆንክ?"

"ሴትዮዋ ድንገት ገባችብኝ።"

"የምን ሴትዮ?"

"አንዲት አሮጊት። ወደቀች እንጂ ምንም አልሆነችም። እትዬ አብራት ናት።"

ጫማውን እንዳደረገ አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተኳሿ እጁን በውሃ ልታጥብለት ብትሞክር ነጠቃት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጀርባውን እያየች ብዙ ቆየች። "ወደቀች እንጂ ምንም አልሆነችም" እያለች በልቧ ደጋገመችው። ዛሬ አሮጊት ወደቀች፤ ነገ ደብተር ያዘለ ሕፃን ቢሆንስ? በሰው አገር ሰው ገድሎ ማን ይሟገትለታል? እሱስ ራሱ ከከባድ መኪና ሥር ቢገባ? የእሷ ደሞዝ የኪራዩን ግማሽ እንኳ እንደማይደፍን ታውቃለች። ያቺ ሞተር ስትሸጥ የሚበሉትም አብሮ እንደሚሸጥ ታውቃለች። ይሁን አለች። ትንፋሹ እስኪረጋ ጠብቃ ቁልፉን ከጃኬቱ ኪስ፣ የባለቤትነት ደብተሯን፣ ሊብሬውን፣ ከፍራሹ ሥር አወጣች፤ ነጠላ ጫማዋን በስኒከር ቀይራ ድምፅ ሳታሰማ በሩን ሳብ አድርጋ ወጣች።

መንዳት አትችልም። ሞተር ከኋላ ሲቀመጡባት ላባ ናት፤ ሲገፏት ግን በሬ ትሆናለች። በመንገዱ ዳር ለዳር መሪዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትገፋ፣ በግጭቱ የተሰበረው ስፖኪዮ፣ የጎን መስታወቷ፣ በሽቦው ተንጠልጥሎ ጉልበቷን ይነካታል። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ሞተሯ ወደኋላ ልትጎትታት ሆነ፤ ሆዷን ኮርቻው ላይ አስደግፋ ቆመችና ተነፈሰች። አንድ ወጣት "ላግዝሽ?" በሚል ዓይን አያት፤ አንገቷን ነቅንቃ እምቢ አለች። የሰረቀች መስሎ ተሰማት። ደግሞም ሰርቃለች፤ የገዛ ባሏን እንጀራ ከነጎማው እየገፋች ነው።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛው መካኒክ ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ወለል ያለው አንድ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ወፍራም፣ ሳል የማይለየው ሰው ሲሆን፣ ሞተሯን ከእሷ እጅ ተቀብሎ አልጋ ላይ እንደ ወጣ በሽተኛ ዞራት። ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ፤ ፍሬኗን ጨበጠ፤ ዘይቷን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፤ ስፖኪዮውን ሲያይ አፉን አጣመመ። ተኳሿ የአገሩን ቋንቋ የምታውቀው ከአንሶላ፣ ከትራስና ከ"ቶሎ በሉ" ብዙም ሳታልፍ ነው፤ እሱ የጠራላትን ዋጋ ግን በደንብ ገባት። ባሏ የገዛበትን ግማሽ አይሞላም። "ጨምር" አለችው። ሳለባት። ከዚያ ሊብሬውን ገልጦ ስሙን በጥፍሩ እየነካና በእጁ ምልክት እያሳየ፣ የወንድ ስም ነው፣ ባለቤቱ ካልመጣ አልገዛም አላት። ለዚህ የሚሆን ቃል ፍለጋ ስትንተባተብ ከኋላዋ በገዛ ቋንቋዋ ድምፅ መጣ።

"እንዴ! የአራት ዓይና ሞተር እዚህ ምን ትሠራለች?"

ቀጮ ነው፤ የአገሯ ልጅ፣ እንደ ባሏ ምግብ የሚያደርስ፣ አንዴ ሁለቴ ቤት መጥቶ ሻይ የጠጣ ረጅም ሰው። ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ ጥግ ላይ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ኖሯል። "አራት ዓይና" የሚለውን ስም ተኳሿ ከባሏ ጓደኞች አፍ ሰምታዋለች። በአገር ቤት በትምህርቱ ለበቃ መምህር የሚሰጥ ማዕረግ ስለሆነ፣ ባሏ የከተማውን ጉራንጉር ሁሉ በቃሉ ስላወቀ ነው የተባለው ብላ ኮርታበታለች።

"ልሸጣት ነው" አለችው።

"እሰይ!" አለ ቀጮ። "ተመስገን ነው። እኛስ ስንት ጊዜ መከርነው። አሁን እህቱም ታርፋለች።"

"እህቱ ከምን ነው የምታርፈው?"

ቀጮ የቀልድ መስሎት ሳቀ። "ከመንዳት ነዋ! መንጃ ፈቃዱ የሱ፣ ነጂዋ እሷ አይደለች? ቀኝ ትከሻውን ስትነካው ወደ ቀኝ፣ ግራውን ስትነካው ወደ ግራ፣ ሁለቱንም ጨበጥ ስታደርገው ቀጥ! አራት ዓይና ያልነው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ የሱ፣ ሁለቱ የሷ። ምግቡንም ፎቅ ይዛ የምትወጣው እሷ ናት። ዛሬም እኮ እሷ ፎቅ ሳለች ብቻውን ሞተሯን ላዙር ሲል ነው አሉ አሮጊቷን…"

"እትዬ ቢሮ ነው የምታጸዳው" አለች ተኳሿ።

"የምን ቢሮ? ከተወችው እኮ ከረመች…" ቀጮ ፊቷን አየና ሳቁ ከአፉ ላይ ተገፈፈ። ከሳጥኑ ተነሳ። "አላወቅሽም እንዴ? ምነው ምላሴን በቆረጠው።"

መካኒኩ ሳለና ከመዝጋቴ በፊት ባለቤቱን አምጪ አላት። ሞተሯን እዚያው ትታ ወጣች። የመጣችበትን ዳገት ስትወርድ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። ስንት ጠዋት በመስኮት ቆማ እነዚያን ሁለት እጆች ጠልታለች! እንደ ሙሽራ የተዘረጉ የመሰሏት እጆች ለካ ሲነዱ ነበር። ወዲያው ደግሞ ቁጣዋ ገነፈለ። ሁለቱ በአንድ ሞተር፣ በአንድ ምስጢር ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ እሷን ከመንገድ ዳር ጥለዋታል። ቀጮ ያወቀውን፣ ሞተረኛ ጓደኞቹ ሁሉ ያወቁትን፣ አጠገቡ የምትተኛዋ ሚስት አላወቀችም።

እትዬን ያገኘቻት ከቤታቸው ደጅ ነው፤ አሮጊቷን ከወሰደችበት ሐኪም ቤት እየተመለሰች፣ ቀሚሷ አቧራ እንደነካው፣ ደረጃው ሥር ባለው የብረት መደገፊያ ላይ ተደግፋ ስትተነፍስ። እስከዚያች ቀን ድረስ ተኳሿ እትዬን አንቱ እንጂ አንቺ ብላት አታውቅም።

"አንቺ ነሽ ወይ የምትነጂው?" አለቻት።

እትዬ አንቺታውን ሰማች፤ አልተቆጣችም። "አሮጊቷ ደህና ናት" አለች። "እጇ ነው የተላጠው። ልጇ መጥቶ ወስዷታል።"

"የጠየቅሁሽን መልሺልኝ!"

"ግፊት ነው፤ የዓይን ግፊት። ከጎንና ከጎን እየበላው መጣ። አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው ይላል። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረው እንዳይሄድ ጠብታውን አታቋርጥ ነው ያለው።"

"ለእኔ አይነገርም?"

"ብንነግርሽ በዚያው ቀን ሞተሯን ትሸጫት ነበር።"

"አዎ! እሸጣት ነበር!"

"ልክ ነሽ" አለች እትዬ። "ልክ እንደሆንሽ ስለማውቅ ነው ያልነገርኩሽ። ከዚያስ ምን እንበላለን? እሱ ለምኖኛል፤ እግሬ ላይ ወድቆ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት። አሁንም ያዘልኩት መሰለኝ።"

"ሰው ቢገድልስ?"

እትዬ ወደ መንገዱ አየች። "ይሄን ሳላስብ ያደርኩ እንዳይመስልሽ። ከአንሶላው ወዲያ ስቃትት ጥርሷን አሟት ነው ስትሉ አልነበር? ጥርሴ ደህና ነው።"

ሁለቱ ሴቶች አንዷ ፊት አንዷ ኋላ ሆነው አራቱን ፎቅ ወጡ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ባዶ ነው። ጃኬቱ ወለሉ ላይ ኪሱ ተገልብጦ ወድቋል፤ ፍራሹ ተነስቶ ጎኑ ላይ ቆሟል። ሲነቃ ቁልፉን ፈልጓል፤ አጥቷል፤ ወርዶ ከግንቡ ሥር በእጁ ዳብሶ ባዶ ቦታ አግኝቷል። ተኳሿ "ሞተሯን ሊፈልግ ወጥቷል" ብላ ሳትጨርስ እትዬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወርድ ነበር።

ያገኙት ከትልቁ መንገድ ላይ ነው። ወዲህ የሚመጡትንና ወዲያ የሚሄዱትን መኪኖች የሚለየው ጠባብ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ፣ ሄልሜቱን በእጁ ይዞ ቆሟል። ግማሹን መንገድ እንዴት እንደተሻገረ እሱም አያውቅም። አሁን ግን ከፊቱም ከኋላውም መኪና በመኪና ነው፤ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ወደፊት ሊል አንድ እግሩን ያወርዳል፣ የጥሩምባ ድምፅ ይመጣል፣ መልሶ ይወጣል። አላፊ አግዳሚው ሰካራም መስሎት ያየዋል። እትዬ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ተኳሿ በእጇ ከደነችው።

"አትጥሪው! ድምፅሽን ከሰማ ና ያልሽው መስሎት ይገባል።"

የእትዬ ትንፋሽ በመዳፏ ላይ ይሞቃል። መኪኖቹ አያልቁም። እሱ እንደገና እግሩን አወረደ፤ አውቶቡስ ጥሩምባውን እያንባረቀ ከጉልበቱ አጠገብ አለፈ፤ ነፋሱ ሸሚዙን አራገበው፤ እግሩን መለሰ። ተኳሿ ስለት አልተሳለችም፣ አላለቀሰችም፤ የእትዬን ክንድ ይዛ መብራቱን ብቻ ታያለች። መብራቱ ሲቀየር ሮጣ ደረሰችበትና ከፊት ለፊቱ ቆመች፤ እሱ የሚያይባት ያቺ ጠባብ ቀዳዳ የት እንዳለች ስላላወቀች፣ ፊቱን በሁለት እጆቿ ይዛ ወደራሷ አዞረችው።

"ሞተሯን ሰረቁን" አላት።

"አልሰረቁንም። እኔ ነኝ የወሰድኳት። ልሸጣት ነው።"

መብራቱ ተለውጦ መኪኖቹ በሁለቱም በኩል እንደገና መጉረፍ ጀመሩ፤ ሁለቱ ጠርዙ ላይ ተቃቅፈው ቀሩ።

"ስንት አሉሽ?" አለ በመጨረሻ።

ነገረችው።

"አታለሉሽ" አለ፤ ከዚያ ከእጇ ላይ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። አብራው ተቀመጠች። ሲያለቅስ ከመኪናው ጩኸት የተነሳ ድምፁ አልተሰማም፤ ጀርባው ግን ሲንሰቀሰቅ በክንዷ ተሰማት።

ሦስቱም ጋራዡ የደረሱት መካኒኩ የብረት በሩን ግማሽ ድረስ አውርዶ ሳለ ነው። ሰውየው ባሏን አየው፤ በሩ ሥር ሲያልፍ ግንባሩን ሊመታ ሲል እትዬ ጎንበስ ስታደርገው አየ፤ ተረዳ። ከቅድሙ ዋጋ ላይ ቀነሰ። ስፖኪዮውን አሳየ፤ መሽቷል አለ፤ ካልፈለጋችሁ ውሰዷት አለ። መውሰድ እንደማይችሉ ያውቃል። እትዬ በአማርኛ የምትችለውን ሁሉ ሰደበችው፤ እሱም በራሱ ቋንቋ ሳለባት። ባልየው ግን አልተከራከረም። ኮርቻውን ዳበሰ፤ መሪዋን ይዞ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ በሚያምር የሰው አገር ቋንቋ፣ ሚስቱ እንዲህ አድርጎ ሲናገር ሰምታው በማታውቀው፣ ለመካኒኩ አስረዳው፦ የፊቷ ፍሬን ዝናብ ሲሆን ይዘገያል፣ ለሚገዛው ሰው ሳይነግር እንዳይሸጣት፤ ብርድ ጠዋት ደግሞ አትቸኩልባት፣ ራሷ እስክትሞቅ ጠብቃት። መካኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስል በአንገቱ እሺ አለ። ዋጋውን ግን አልጨመረም። ፊርማው የሚያርፍበትን ተኳሿ ጣቱን ይዛ አሳየችው፤ ፈረመ፤ መስመሩን ስቶ ከላይ ባለው ጽሑፍ ላይ ወጣ።

ማታ የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ ከታች ይሰማል። ያመጡት ገንዘብ ለሁለት ወር ኪራይ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንዳቸውም አላነሱም። እትዬ ነገ ወደዚያ ቢሮ ሄዳ እንደምትለምን ተናገረች፤ ቦታዋ በሌላ ሰው እንደተያዘ ግን ራሷም ታውቃለች። ተኳሿ የተላጠ እጁን ለብ ባለ ውሃ እያጠበችለት ሳለ ስልኩ ጮኸ። የሥራው ስልክ ነው፤ ከአንድ ምግብ ቤት ተቀብሎ የሚያደርሰው ምግብ መጥቷል። ጮኾ ጮኾ ተወ፤ ወዲያው ሌላ መጣ። ማታ የሥራው ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ይርበዋል። ሦስተኛው ሲጮኽ ባልየው እጁን ከሳህኑ አወጣ።

"ዝም ካልነው እስከ እኩለ ሌሊት ይጠራኛል። አልቀበልም የሚለውን ተጫኚልኝ" አለ። "እኔ ተጭኜው ስለማላውቅ የት እንዳለ አላውቀውም።"

ተጫነችው። በአማርኛ የተስተካከለው ስልክ ጥያቄ አወጣ፤ ጮክ ብላ አነበበችለት። "ምክንያትዎን ይምረጡ ይላል። ሞተሬ ተበላሽቷል። መንገዱ ሩቅ ነው። ለዛሬ ጨርሻለሁ።"

"ዓይን የሚል የለም?"

ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። "የለም።"

ከአንሶላው ወዲያ እትዬ መንቀሳቀስ አቆመች። ባልየው እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ አብሶ ወደ ስልኩ ድምፅ ዞረ።

"ጨርሻለሁ የሚለውን ንኪልኝ" አለ። "'ለዛሬ' የምትለዋን ተያት።"

አብራ ነው የምትመጣው ልትለው ፈለገች። አላለችውም። ነካችለት።